ሄዶ የመጣ ሣር

ባለፈው ቅዳሜ ወደ ማታ ላይ በሬ ተንኳኳ። የጎረቤቴ ልጅ ናት፤ ደብተሯን ደረቷ ላይ አቅፋ ቆማለች። ማስተማር ካቆምኩ ዓመታት ቢያልፉም፣ እዚህ ቁስቋም የቤት ሥራ የከበደው ልጅ የሚያንኳኳው የእኔን በር ነው።

«ጋሼ፣ የባዮሎጂ መምህራችን ስለ አንዲት ኢትዮጵያዊት ሳይንቲስት ጽፋችሁ ኑ አሉን። አንዲት ይንገሩኝና ልሂድ።»

አባባሏ ሱቅ ደርሳ አንድ ሳሙና ገዝታ እንደምትመለስ ነው። እኔም አላመነታሁም። «አክሊሉ ለማ!» አልኳት። በእንዶድ የብልሃርዝያን ቀንድ አውጣ መግደል እንደሚቻል ያሳዩ፣ በ1989 እ.ኤ.አ. «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን ሽልማት ከባልደረባቸው ከዶ/ር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር የተሸለሙ ታላቅ ሰው። ልጅቷ ግን እስክሪብቶዋን አላነሳችም። «እሳቸው ወንድ ናቸው፣ ጋሼ።» ወዲያው ቅጣው እጅጉን ጠራሁ። «እሳቸውም ወንድ ናቸው።» ሦስተኛ ስም ልጠራ አፌን ከፈትኩ፤ ምንም አልወጣም። የሯጮች ቢሆን ከደራርቱ ጀምሬ እስከ ነጋ እቆጥርላት ነበር። የዘፋኞችም ቢሆን አላንስም። «ያሉን ሳይንቲስት ነው» አለች ልጅቷ፣ እንዳዘነችልኝ በሚያስታውቅ ድምፅ።

እናቷ ከአጥሩ ወዲያ ሆና ሰምታለች። «ተይ፣ ጋሼን አታድክሚያቸው! ብትኖር ኖሮ በቴሌቪዥን እናያት አልነበር?»

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ያ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። ብዙ ዓመት ዩኒቨርሲቲ ቆሜ ያስተማርኩ ሰው፣ ለአንዲት ታዳጊ አንድ ስም ማጣቴ! «ነገ ነይ» ብዬ ሸኘኋትና ማንበብ ጀመርኩ። ያነበብኩትን እነሆ ለእናንተም ላካፍላችሁ። (ዓመታቱን የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። ባለታሪካችን ከአንድ አገር ወደ ሌላ አገር ስለሚያዞሩን ይቀለናል።)

ባለታሪኳ ዶ/ር ሰገነት ቀለሙ ናቸው። የሥነ ጽሑፍ ሰው ነኝና ስም አይቼ ዝም ብዬ አላልፍም፤ በእኛ ቋንቋ «ቀለም» ትምህርትም ነው፣ «ሰገነት» ደግሞ ከፍ ያለ ቦታ ነው። ትውልዳቸው ጎጃም፣ ፍኖተ ሰላም ነው፤ ያደጉት ከገበሬ ቤት ነው። በልጅነታቸው አንድ ቀን የአንበጣ መንጋ መጣና የአካባቢውን ሰብል እንዳለ በልቶት ሄደ። ኋላ ላይ ግብርናን ለምን እንደመረጡ በተጠየቁ ቁጥር የሚያነሡት ይህንን ቀን ነው።

የዘመኑን አንበጣ ለማያውቅ ሰው ጥቂት ልጨምር። በ1958 ኢትዮጵያ ውስጥ አንበጣ ያጠፋው እህል 167,000 ቶን ነበር፤ አንድ ሚሊዮን ሰው ለአንድ ዓመት ሊቀልብ የሚችል እህል ማለት ነው። አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍን መንጋ፣ ትንሹ የሚባለው ማለት ነው፣ በቀን የሚበላው 35,000 ሰው የሚበላውን ያህል ነው። አገሮቻችን ይህን ለብቻ እንደማይችሉት አውቀው በ1962 እዚሁ አዲስ አበባ ላይ ተፈራርመው የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መከላከያ ድርጅትን አቋቋሙ። ለገበሬው ግን አንበጣ የፈረደበት መዓት ነበር። ሲመጣ ቆርቆሮ ይደበድባል፣ ጅራፍ ያጮኻል፣ ይጸልያል። ሲሄድ ያለቅሳል። «ይህ ነገር ከየት መጣ? ለምንስ መንጋ ሆነ?» ብሎ መጠየቅ ሆዱ የጎደለ ሰው ሥራ አይደለም። ከልጆች መካከል ግን አልፎ አልፎ እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚያድርበት ይገኛል።

የአንበጣ ነገር ደግሞ በእውነት የሚያስጠይቅ ነው። የበረሃ አንበጣ አብዛኛውን ዕድሜውን የሚኖረው ለብቻው፣ አፈር መስሎ፣ ማንንም ሳይነካ ነው። ዝናብ ዘንቦ ሣር ሲበዛ ይራባል፤ ሣሩ ሲደርቅ ደግሞ በቀረችው ልምላሜ ላይ ይጨናነቃል። ተጨናንቀው የኋላ እግሮቻቸው ሲነካኩ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ጠባያቸው ይለወጣል። ይሸሻሹ የነበሩት ይፈላለጋሉ። ትውልድ ሲተካ ቀለማቸውና ቅርጻቸውም ሌላ ይሆናል። ይህ እስኪታወቅ ድረስ ብቸኛውና የመንጋው አንበጣ ሁለት የተለያየ ፍጥረት ይመስል ነበር። በ1921 ኡቫሮቭ የሚባል የነፍሳት ተመራማሪ ነው አንድ መሆናቸውን ያስረዳው። ዘረ መላቸው አንድ ነው፤ የሚለየው የትኛው ገጽ እንደሚነበብ ነው። የሥነ ሕይወት ሊቃውንትም ይህንኑ ያጠናሉ። አንድ ዓይነት ዘር እንደ አስተዳደጉ ምን ምን ሊሆን እንደሚችል ይመረምራሉ።

እንግዲህ ይህ ነገር ስለ አንበጣ ብቻ አለመሆኑን ገምታችኋል።

በዚያ ዘመን በዚያ አካባቢ ለአንዲት ሴት ልጅ የሚነበበው ገጽ የታወቀ ነበር፤ ውኃ፣ እንጨት፣ ወፍጮ፣ ከዚያ ጋብቻ። የዶ/ር ሰገነት ዕጣም ይኸው መሆን ነበረበት። እሳቸው ሲናገሩ ግን፣ አመፀኛ ልጅ ስለነበሩ ማንም ሊድራቸው አልደፈረም። አመፀኝነታቸው ጠቀማቸው። ከአካባቢያቸው የመጀመሪያዋ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሴት ሆነው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ገቡና ግብርና አጠኑ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናዘዝ አለብኝ። ሌክቸረር በነበርኩበት ጊዜ (ዩኒቨርሲቲው ስሙ ይቆየኝ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው) ከገጠር የመጣች አንዲት ተማሪ ነበረችኝ። ክፍል ውስጥ አትናገርም። ስትጽፍ ግን ዓረፍተ ነገሯ የጠራ ነበር። በመጀመሪያው መንፈቅ መጨረሻ ማለፊያ ለማግኘት ትንሽ ጎደላት። ቢሮዬ መጥታ ቆመች፤ «መምህር፣ ወደ ቤት ከተመለስኩ ይድሩኛል» አለች። እኔ «ሕግ ሕግ ነው» አልኳት። ሕጉስ ሕግ ነበር። ግን ያን መንፈቅ ሙሉ ለምን ዝም እንደምትል አንድ ቀን እንኳ ጠይቄያት አላውቅም። ነጥብ ጨምርልኝ አላለችኝም። የፈለገችው የሚጠይቃት ሰው ነበር። ሄደች፤ ስሟን እንኳ አሁን በደንብ አላስታውሰውም። ስለ ዶ/ር ሰገነት ባነበብኩ ቁጥር በአጠገባቸው የምትታየኝ እሷ ናት። አንዷ ስታልፍ ስንቷ ቀርታ ይሆን?

ወደ ታሪካችን እንመለስ። ዶ/ር ሰገነት ወደ አሜሪካ ሄደው በ1985 ከሞንታና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዲግሪ፣ በ1989 ደግሞ ከካንሳስ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬታቸውን አገኙ። የተሰማሩበት ሙያ የሞለኪውል ሥነ ሕይወትና የዕፅዋት በሽታ ጥናት ነው። ስሙ ሲሰማ ያስፈራል፤ ነገሩ ግን ጓሮ ካለው ሰው ሁሉ ጭንቀት ጋር አንድ ነው፤ አንዱ ተክል ታሞ ጎኑ ያለው ለምን ይድናል?

የሩዝን ቅጠል የሚያደርቅ አንድ ባክቴሪያ አለ። አንዳንድ የሩዝ ዓይነት ባክቴሪያው ሲገባበት «ሌባ መጣ» ብሎ ይነቃና በሩን ይዘጋል። ሌላው እንደተኛ ይዘረፋል። ልዩነቱ ሩዙ ላይ ብቻ አይደለም፤ ባክቴሪያውም ራሱን የሚያሳብቅበት ነገር ይዞ ይመጣል። ሊሰርቅ የገባ ሰው እያስነጠሰው እንደማለት ነው። ዶ/ር ሰገነትና መምህርታቸው ጃን ሊች ያንን የሚያሳብቅ ዘረ መል ከባክቴሪያው ውስጥ ለይተው አወጡትና በ1990 አሳተሙት። ቀጥሎ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ገብተው ምርምራቸውን ገፉበት። ከዚያ በኋላ ብዙዎቻችን «በቃ፣ አሜሪካ ቀረች» የምንልበት ጊዜ ነበር።

እሳቸው ግን በ1992 ወደ ኮሎምቢያ ሄዱ። ካሊ ከሚባለው ከተማ አጠገብ ባለው ዓለም አቀፍ የትሮፒካል ግብርና ማዕከል እስከ 2007 ድረስ ሠሩ። የሠሩትም በሣር ላይ ነው።

ሣር! እኛ ለቡና ጎዝጉዘን፣ ለበዓል በትነን በነጋታው የምንጠርገው ነገር። ይኸኛው ግን ታሪክ ያለው ሣር ነው። ብራኪያሪያ ይባላል፤ የትውልድ አገሩ አፍሪካ ነው፣ የእኛም ምድር ጭምር። አንዱ ዓይነት በ1930 ከኡጋንዳ ወደ አውስትራሊያ ተወሰደ፤ ከዚያ ብራዚል ገባ። ሌላው ከዚምባብዌ ሄዶ በ1984 ብራዚል ውስጥ ለገበሬ ተሠራጨ። በ1980ዎቹ አጋማሽ ደግሞ የኮሎምቢያው ማዕከል ሰዎች ኢትዮጵያን ጨምሮ በምሥራቅ አፍሪካ አገሮች እየዞሩ የሣሩን ዘር ሰበሰቡ። የብራዚል ሰፊ ሜዳ አፈሩ ጎምዛዛ ነው፣ ብዙ ተክል አይወድለትም። ብራኪያሪያ ግን ሥሩን ቁልቁል ሰድዶ ተመቸው። ዛሬ ላቲን አሜሪካ ውስጥ በአስር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ሄክታር ይሸፍናል። በዓለም ገበያ የሚሸጠው የብራዚል የበሬ ሥጋ በአብዛኛው የአፍሪካ ሣር የበላ በሬ ሥጋ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። እኛ ግን ሣሩን የላሞቻችን ወግ አድርገን ረስተነው ነበር። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል ይሉ የለ?

ዶ/ር ሰገነት የጠየቁት ይህ ሣር በሽታንና ችግርን የሚቋቋመው ለብቻው ነው ወይስ ረዳት አለው ብለው ነው። ረዳት ነበረው። በሣሩ ውስጥ ዓይን የማያየው ፈንገስ ይኖራል። አያሳምመውም፤ እንዲያውም ፈንገሱ ያለበት ሣር ቅጠል የሚያጠቃ በሽታ ሲመጣበት ከሌለበት ይልቅ ይቋቋማል። ለእንግዳው ማደሪያ ተሰጥቶታል፣ እንግዳውም በር ይጠብቃል። ሣሩ ውስጥ ዕድገቱን የሚያግዙ ባክቴሪያዎችም አገኙ። በ2014 ፓሪስ ላይ የሎሬያልና የዩኔስኮን የሴት ሳይንቲስቶች ሽልማት የአፍሪካና የዐረብ አገሮች ተሸላሚ ሆነው የተቀበሉት በዚህ ሥራቸው ነው።

አንድ ሌላ ግኝታቸውን ሳልጠቅስ ባልፍ እንቅልፍ አይወስደኝም። ሰማያዊ አበባ የሚያወጣ፣ የአተርና የባቄላ ዘመድ የሆነ ሐረግ አለ። እሳቸውና ባልደረቦቻቸው ከዘሩ ውስጥ አንድ ትንሽ ፕሮቲን ለይተው አወጡ። ይህ ፕሮቲን ብዙ ዓይነት ሰብል አጥፊ ፈንገስ እንዳያድግ ያግዳል፤ ጎተራ ያለ ቦሎቄ የሚበላውን ነቀዝም ይጎዳል። በ2004 ሲያሳትሙት የሰጡት ስም «ፊኖቲን» ነው። ፍኖት በግእዝ መንገድ ነው። የፍኖተ ሰላም ልጅ በኮሎምቢያ ላቦራቶሪ ውስጥ ላገኘችው ነገር «ፊኖቲን» ስትል፣ አማርኛ የሚያነብ ሰው ጆሮው የሚሰማውን እኔ ልነግረው አያስፈልግም። እኛ ስማቸውን አናውቅም ነበር፤ በፕሮቲን ስም ላይ የሚሰማው ግን የእኛ ቃል ነው።

በ2006 የቻይና መንግሥት የወዳጅነት ሽልማቱን ሰጣቸው። በማግስቱ ዓመት ወደ አፍሪካ ተመለሱ። ናይሮቢ በሚገኘው በዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ኢንስቲትዩት ግቢ ያለውን የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ የሥነ ሕይወት ምርምር ማዕከል እንዲመሩ ነው የተሾሙት። ማዕከሉ አፍሪካውያን ተመራማሪዎች ፈረንጅ አገር ሳይሄዱ ዘረ መል የሚያጠኑበት ላቦራቶሪ ሆነ። ብራኪያሪያም አብሮ ተመለሰ። ኮሎምቢያና ብራዚል ውስጥ የተሻሻለው ሣር በኬንያና በሩዋንዳ ገበሬዎች ማሳ ላይ፣ ለወተት ላም መኖ ሆኖ መዘራት ጀመረ። አያቱ ከዚህ የሄደ ሣር፣ የልጅ ልጁ ፓስፖርት ይዞ መጣ።

እዚህ ላይ ያለውን የሣርና የሐረግ ልውውጥ ተመልከቱልኝ። በ2013 ማብቂያ ላይ ዶ/ር ሰገነት ኬንያዊው ቶማስ ኦዲያምቦ በ1970 ያቋቋሙትን ዓለም አቀፍ የነፍሳት ምርምር ማዕከል፣ ኢሲፔን፣ በዋና ዳይሬክተርነት ያዙ፤ የመጀመሪያዋ ሴት መሪው ናቸው። ኢሲፔ ከ1990ዎቹ ጀምሮ ከእንግሊዝ ተመራማሪዎች ጋር ያዳበረው «ግፋና ሳብ» ልንለው የምንችል ዘዴ አለው። በበቆሎው ወይም በማሽላው መሐል ዴስሞዲየም የሚባል ሐረግ ይዘራል። ሽታው የአገዳ ቆርቁር የሚፈለፍለውን የእሳት ራት ያባርረዋል። ሥሩ ደግሞ አቀንጭራን ሳይደርስ ያበቅለውና ያደርቀዋል። በማሳው ዳር ዳር የሚተከለው ሣር የተባረረውን ተባይ ወደ ራሱ ይስበዋል፤ ደረቅ በሆነው አገር ሣሩ ብራኪያሪያ ነው። ዴስሞዲየሙ የላቲን አሜሪካ ተክል ነው። የእነሱ ሐረግ የእኛን ማሽላ ይጠብቃል፣ የእኛ ሣር የእነሱን በሬ ያደልባል። በዕፅዋት ዘንድ ስደት ኪሳራ ብቻ አይደለም።

ከዚያ በ2019 አንበጣው መጣ። ታስታውሳላችሁ። ለኢትዮጵያ በ25 ዓመት፣ ለኬንያ በ70 ዓመት ውስጥ የከፋው መንጋ ነበር። በልጅነታቸው የቤተሰባቸውን ማሳ አንበጣ ሲበላ ያዩት ሴት፣ ያኔ በአፍሪካ ትልቁ የነፍሳት ምርምር ቤት ኃላፊ ነበሩ። ተቋሙ ከዚያ ቀደም ጎልማሳ ወንድ አንበጣ የሚያወጣው አንድ ሽታ የኩብኩባውን መንጋነት እንደሚበትን አጥንቷል። በመንጋው ዘመን ደግሞ ተመራማሪዎቹ የአፈሩንና የአየሩን ጠባይ ለኮምፒዩተር እየሰጡ አንበጣው በምሥራቅ አፍሪካ የት የት ሊፈለፈል እንደሚችል የሚያመለክት ካርታ በ2020 አወጡ። አንበጣው በካርታ አልጠፋም፤ እዚያ ላይ አንዋሽ። ያጠፋው በአብዛኛው መድኃኒት የሚረጩ አውሮፕላኖችና ድርቅ ናቸው። ግን በቆርቆሮ ድብደባና «የት ይፈለፈላል?» በሚል ጥያቄ መካከል ያለው ርቀት፣ አንዲት የፍኖተ ሰላም ልጅ የተጓዘችው ዕድሜ ልክ መንገድ ነው። ዶ/ር ሰገነት ኢሲፔን እስከ 2023 መሩ።

እሑድ ከሰዓት ልጅቷ መጣች። ይህንን ሁሉ አጠር አድርጌ ነገርኳት። ደብተሯን ሞላችና ቀና አለች።

«ጋሼ፣ ታዲያ ተመልሳ መጣች?»

«አዎ፣ ናይሮቢ።»

«ናይሮቢ እኮ ኬንያ ነው!»

ለዚህ መልስ አልነበረኝም። በመስኮት አየሁ። ከእንጦጦ ቁልቁል እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች ያልፋሉ፤ ጀርባቸው ላይ ያለው ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ አውስትራሊያዊ ነው። በምኒልክ ዘመን መጥቶ ከተማችንን በማገዶ እጦት ከመነቀል አዳናት። ማንም ዛሬ «የማን አገር ዛፍ ነህ?» አይለውም። የሰፈራችን ስም ራሱ የመጣው እመቤታችን ልጇን ይዛ ከተሰደደችበት ከግብፁ የቁስቋም ተራራ ነው። በየዓመቱ ኅዳር 6 የምናከብረው የስደትን ነገር ነው፤ ከስደት ሰፈር ቁጭ ብለን የተሰደደውን ሰው ግን ለመጠየቅ እንቸኩላለን።

«ልጄ» አልኳት፣ «ሣሩም እኮ መጀመሪያ የተዘራው ኬንያና ሩዋንዳ ነው። ዕውቀት የሚመጣው የሚቀበለው ማሳ ወዳለበት ነው። እኛ ማሳውን አዘጋጅተን ነበር ወይ ብለሽ ጠይቂ።» ትንሽ አሰበች። መልሱ አልጣማትም መሰለኝ፤ እኔንም አልጣመኝም። ፍኖተ ሰላም ያደገ ጥያቄ መልሱን ሊፈልግ ሞንታና፣ ካንሳስና ካሊ መዞር ነበረበት። ይህ ለሳይንቲስቷ ክብር ነው፤ ለእኛ ግን ዕዳ ነው። ከተማሪዬ ጋር የቀረውን የእኔን ዕዳ ሳልቆጥር።

ልትወጣ ስትል በሩ ላይ ዘወር አለች። «ጋሼ፣ ግን አንበጣው ሲነካካ ለምንድነው ጠባዩ የሚለወጠው? እግሩ ላይ ምን አለ?»

እናቷ ከአጥሩ ወዲያ «ነይ ባክሽ፣ ጋሼን አታድክሚያቸው!» አለች።

«ተያት» አልኩ፣ «አልደከመኝም።» ልጅቷንም መልሼ አስቀመጥኳት።